አዲስ ቀለም፣ የድሮ ሰልፍ፦ የትንሽ ከተማ ድረ ገጽ ሲታደስ

እስኪ ስልካችሁን አውጡና የምታውቁትን የአንድ ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ድረ ገጽ ክፈቱ። ካለው ማለት ነው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ግቡ፦ «ልጅ ለማስመዝገብ የት ልሂድ? ምን ይዤ ልሂድ?» መልሱን ሳታገኙ ስንት ገጽ ከፍታችሁ ዘጋችሁ?

ሰሞኑን «ታደሰ» የተባለ የአንድ ትንሽ ከተማ ድረ ገጽ በዚሁ ጥያቄ ፈትሼው ነበር። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ችግሩ የእሷ ብቻ አይደለምና። ሥራው ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴም አይደለም። አዲሱ ገጽ በስልክ ሲከፈት በስክሪኑ ልክ ይሰበሰባል፣ ፊደሉ ጎላ ብሏል፣ ቀለሙም ዓይን አያደክምም። ግን መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ምንድን ነው? እየተፈራረቁ የሚያልፉ የስብሰባ ፎቶዎች። ቀጥሎ የከንቲባው የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት፣ ከዚያ የጽሕፈት ቤቶች ዝርዝር። ልደት የሚመዘገበው ቀበሌ ይሁን ማዘጋጃ ቤት ቀድማችሁ ካላወቃችሁ፣ በቃ፣ መንገዱ ጠፋባችሁ። ገጹ የተደራጀው በመሥሪያ ቤቱ መዋቅር እንጂ በነዋሪው ጥያቄ አይደለም።

ነገሩ የውበት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። አንዲት አራስ እናት ልጇን አዝላ ሄዳ «አንድ ወረቀት ጎድሏል፣ ነገ ነይ» ስትባል የምትከፍለው የትራንስፖርት ገንዘብና የአንድ ቀን ሥራ ነው። እሷ ኢንተርኔት ላትከፍት ትችላለች፤ አሥረኛ ክፍል የሚማረው ወንድሟ ግን ይከፍትላታል። ይሄ ልጅ ምናልባት ከእናንተ አንዱ ነው።

እኛ መሐንዲሶች ደግሞ መመዘን እንወዳለን። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ 2,000 ፊደል ያለው መመሪያ 6 ኪሎባይት ገደማ ነው። ሳይጨመቅ የተጫነ አንድ የስብሰባ ፎቶ ግን በቀላሉ 3 ሜጋባይት ይደርሳል፤ 500 እጥፍ ማለት ነው። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ፎቶው 24 ሴኮንድ ይፈጃል፣ ጽሑፉ ብቻውን ቢላክ ግን ከአንድ ሴኮንድ ሃያኛ እጅ አይበልጥም። የዳታውን ሂሳብ የሚከፍለው ደግሞ ፎቶውን የጫነው ሰው ሳይሆን እናንተ ናችሁ።

መመሪያው ጭራሽ የለም እንዳልል፣ ተፈልጎ ተፈልጎ ይገኛል። የሚገኘው ግን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በስካነር ተነስቶ በፒዲኤፍ መልክ ነው። ለኮምፒውተሩ ይሄ ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ነው። የፍለጋ ሳጥኑ አያገኘውም፤ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው ሶፍትዌርም ዝም ብሎ ያልፈዋል። በፊደል የተጻፈውን መፈለግም የራሱ ጣጣ አለው። እነሱ «ዓመታዊ ግብር» ብለው የጻፉትን እናንተ «አመታዊ ግብር» ብላችሁ ብትፈልጉ፣ «ምንም አልተገኘም» ይላችኋል። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ዓ እና አ በዩኒኮድ የተለያየ ቁጥር አላቸውና። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ከመፈለግ በፊት ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወደ አንድ፣ ሰ እና ሠን ወደ አንድ፣ አ እና ዐን ወደ አንድ፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ የሚያመጣ ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃል።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2012 ዳይሬክትጎቭና ቢዝነስ ሊንክ የተባሉትን ገጾቻቸውን ዘግተው ጎቭ ዶት ዩኬን ሲከፍቱ፣ የመጀመሪያ መርሐቸው ከተጠቃሚው ፍላጎት መነሳት ነበር። ጌጥ የሌለው ያ ገጽ በ2013 የለንደኑን ዲዛይን ሙዚየም የዓመቱን ሽልማት ወሰደ። ታዲያ እንቅዳው? መልኩን መቅዳት ምንም አይጠቅምም። ከጀርባው ትልቅ ቡድን አለ፤ የእኛ ትንሽ ከተማ ደግሞ አንድ የአይቲ ባለሙያ ካላት ዕድለኛ ናት። የሚወሰደው አነሳሱ ነው።

እንደውም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቀበሌ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ተመልከቱት፦ ምን ይዘው እንደሚመጡ፣ ስንት እንደሚከፈል፣ በየትኛው መስኮት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት። ደህና ተደርጎ ከተጻፈ፣ ያ ወረቀት ብዙ ብር ከወጣበት ገጽ ይበልጣል። «ቴሌግራም አለን አይደል?» የሚሉም አሉ። ቴሌግራም ለዜና ጥሩ ነው፤ መመሪያ ግን ዛሬ ቢለጠፍ በሳምንቱ ከሌላው ሁሉ ሥር ይቀበራል።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ እድሳቱን የምጀምረው ከግራፊክስ ባለሙያው ሳይሆን መስኮት ላይ ከተቀመጠችው ሠራተኛ ነው። በየቀኑ የሚደጋገሙባትን አሥር ጥያቄዎች ትንገረን። ለእያንዳንዱ አንድ ቀላል ገጽ፣ በጽሑፍ፤ ከግርጌው ደግሞ መረጃው መጨረሻ የተረጋገጠበት ቀንና ያረጋገጠው የሥራ ክፍል። ቀኑ ካለፈበት ሰው ሳይጉላላ ይጠይቃል። ፎቶዎቹ ከፈለጉ ከሥር ይቀመጡ።

ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩና የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የጠፋባችሁ ካላችሁ፣ ይሄው ሥራ። ስኬቱን ግን በጎብኚ ብዛት አትለኩት። «ነገ ና» ተብሎ የሚመለሰው ሰው ስንት ነበር፣ አሁንስ ስንት ሆነ? እሱን ቁጠሩ።