ገደቡን ማን አበጀው?

ሞያሌ ኦዳ ውስጥ ፊዚክስ ሳስጠና፣ ተማሪ ቁጥር ከመሸምደዱ በፊት ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እንዲጠይቅ እፈልጋለሁ። ለዚህ እንደ ኮስሚክ ጨረር የሚመች ምሳሌ የለም፤ ጉልበቱ ከታችም ከላይም ገደብ አለው፤ ገዳቢዎቹ ግን ለየቅል ናቸው።

የታችኛውን ያበጀችው ምድር ናት። ከኅዋ የሚመጡት ቅንጣቶች አብዛኞቹ ፕሮቶኖች ናቸው፤ የምድር ማግኔታዊ መስክ ደካሞቹን አጥፎ ይመልሳቸዋል። እንደኛ ለማግኔታዊው የምድር ወገብ በቀረበ አገር፣ በአናታችን ቀጥ ብሎ ለመግባት 15 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። የፊዚክስ ሊቁ ብሩኖ ሮሲ በ1933 እ.ኤ.አ. አስመራ ላይ መሣሪያውን አንዴ ወደ ምዕራብ አንዴ ወደ ምሥራቅ እያዘነበለ ቢቆጥር፣ የምዕራቡ በሩብ ያህል በለጠ። የምድር መስክ ፖዘቲቮቹን ከምዕራብ በቀላሉ ስለሚያስገባ፣ ቅንጣቶቹ በአብዛኛው ፖዘቲቭ ቻርጅ እንዳላቸው በዚህ ታወቀ።

የላይኛውን ያበጀው ኅዋን የሞላው ደብዛዛ የማይክሮዌቭ ብርሃን ነው። ብርሃኑ መገኘቱ በ1965 ይፋ ሆነ፤ በዓመቱ አሜሪካዊው ግራይዘን፣ ሶቪየቶቹ ዛትሴፒንና ኩዝሚን ውጤቱን አሰሉት። ጉልበቱ ከ50 ቢሊዮን ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያለፈ ፕሮቶን ከዚህ ብርሃን ጋር ሲጋጭ ፓዮን የተባለ ቅንጣት ይፈጥርና አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የሞያሌ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ፕሮቶኑ በየኬላው እየተቀረጠ የሚሄድ ነጋዴ ነው። ከወሰኑ በታች የወረደ ግን ከዚያ ወዲያ በዚህ መንገድ አይቀረጥም። ስለዚህ ገደቡ የሚከለክለው ርቀትን ነው፤ ከ160 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ወዲያ የተነሳ ፕሮቶን ያን ሁሉ ጉልበት ይዞ አይደርስም።

በ1991 ዩታ ላይ 320 ቢሊዮን ቢሊዮን፣ በ2021ም እዚያው 240 ቢሊዮን ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የያዘ ቅንጣት ተመዘገበ። ተማሪ ይህን ሲሰማ “ሕጉ ተሻረ!” ይላል። አልተሻረም፤ ምንጩ ቅርብ መሆን አለበት ማለት ነው። አርጀንቲና ውስጥ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ፒየር ኦዤ ታዛቢ ጣቢያ ከወሰኑ በላይ ያሉት ቅንጣቶች በእርግጥ እንደሚመናመኑ አሳይቷል። ጉልበቱ ሲጨምር ከፕሮቶን የከበዱ ኒውክሊየሶች እንደሚበዙም አይቷል። እንግዲያው መመናመኑ ከቀረጡ ብቻ ሳይሆን ከምንጮቹ አቅም ማለቅም ሊሆን ይችላል።

የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ልጆቹን ቁጥር ብቻ አታሸክሟቸው። ገደቡን ማን፣ በማን ላይ፣ እስከ ምን ርቀት እንዳበጀው አስጠይቋቸው።