ከአሥር ሦስት

ፕሌይስቴሽን 2 በየሰፈሩ በነገሠበት ዘመን ልጅ ከነበራችሁ ክፍሉን ታውቁታላችሁ። ጠባብ፣ በሩ ላይ መጋረጃ የተጋረደበት፣ ሁለት ቴሌቪዥንና አንድ ረጅም አግዳሚ ያለው። ጌሙ የሚመጣው ተቀድቶ ነው፤ ሽፋን የለው፣ መግለጫ የለው፣ ስሙ ሲዲው ላይ በማርከር ተጽፏል። የሁላችንም ልብ ኳሱ ላይ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተራዬን ስጠብቅ ባለቤቱ አዘነልኝ መሰለኝ፣ “ይሄን ማንም አይነካውም፣ እስኪ ሞክረው” ብሎ አንድ ሲዲ ከተተልኝ። ጎድ ሃንድ ይባላል። የኳሱ ተራዬ ሲደርስ አልተነሣሁም።

ከዓመታት በኋላ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ስለዚያ ጌም ምን እንደተባለ ፈለግሁ። አይ.ጂ.ኤን የተባለው ስመ ጥር የአሜሪካ የጌም ገምጋሚ እ.ኤ.አ. በ2006 ከአሥር ሦስት ሰጥቶታል። ሦስት! የሰፈሬን ልጅ ሲያሙብኝ የሰማሁ ያህል ተናደድኩ። ዛሬ ላጫውታችሁ የምፈልገው ስለዚያ ንዴት ነው። እንዲህ ያለ ጨካኝ ነጥብ ፍትሐዊ ነው? ፍትሐዊ ባይሆንስ ቢያንስ አንዳች ትርጉም አለው?

መጀመሪያ ጌሙን ላሳያችሁ፣ አለዚያ ፍርዱ ከሜዳ ውጭ ይሆናል። ጎድ ሃንድን የመሩት ሺንጂ ሚካሚ ሲሆኑ የሠራው ክሎቨር ስቱዲዮ ነው። ቡጢ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቡጢ። ካሜራው ከባለታሪኩ ጀርባ ተጣብቆ አይላቀቅም። በሌሎች ጌሞች ካሜራ የምናዞርበት የቀኝ እጅ መዘውር እዚህ ሥራው ሌላ ነው፦ ጎንበስ ማለት፣ ወደ ጎን ማምለጥ፣ ወደ ኋላ መገልበጥ። ቡጢ መመከቻ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለች አንዲት መለኪያ ጥሩ በተጫወታችሁ ቁጥር ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት፣ በመጨረሻም “ሙት” ወደሚል ደረጃ ትወጣለች። ጠላቶቹም በዚያው ልክ እየከፉ ይመጣሉ። ስትመቱ መለኪያዋ ትወርዳለች። ጌሙ እንደ ጎበዝ አስተማሪ አቅማችሁን እያየ ፈተና ያወጣል ማለት ነው። ደግሞ ያስቃል፤ ልብስ ከለበሰ ጎሪላ ጋር መደባደብ አለበት።

ጉድለቱም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሕንጻዎቹ ባዶ ናቸው፣ ግድግዳው ጭቃ ይመስላል፣ ከኋላ የሚመጣባችሁን አታዩትም። ይህን ሁሉ ያኔም አውቀው ነበር። ጥያቄዬ እነዚህ ጉድለቶች እንዴት ተደምረው ሦስት ሆኑ የሚል ነው።

ሦስትን ለመረዳት የጌም ነጥብ አሰጣጥ የት አካባቢ እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ያደግነው ከመቶ በሚሰጥ ውጤት ነው። 50 ማለፊያ ነው፤ 70 ያመጣ ልጅ እናቱ ጎረቤት ባትጠራለትም አይገረፍም። በጌም ዓለም ግን 70 ያስለቅሳል። ሜታክሪቲክ የሚባል እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተ ድረ ገጽ አለ። የሃያሲያንን ነጥብ ከየቦታው ለቅሞ ከመቶ አንድ አማካይ ያወጣል፤ ለአንዳንዱ ሃያሲ ከሌላው የበለጠ ክብደት ይሰጣል፣ ክብደቱ ስንት እንደሆነ ግን አይናገርም። አማካዩን አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ይቀባዋል። አሁን ልብ በሉ፦ ለፊልም አረንጓዴው የሚጀምረው ከ61 ነው፤ ለጌም ግን ከ75። አንድ ቤት፣ አንድ ቁጥር፣ ሁለት ፍርድ። 70 ያገኘ ፊልም “ሂዱና እዩት” ይባልለታል፣ 70 ያገኘ ጌም ቢጫ ካርድ ያያል።

ይህ የሆነው በከፊል መናኛዎቹን ጌሞች የሚገመግማቸው ስለሌለ ነው። በከፊል ደግሞ ሃያሲው ራሱ ከስድስት በታች መውረድ ስለሚፈራ ነው። ፍርሃቱ ከመሬት ተነሥቶ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2007 ጄፍ ገርስትማን የተባለው ታዋቂ ገምጋሚ ይሠራበት በነበረው ጌምስፖት ላይ ኬን ኤንድ ሊንች ለተባለ ጌም ከአሥር ስድስት ሰጠ። የጌሙ አሳታሚ በዚያን ጊዜ በዚያው ገጽ ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ነበረው። ገምጋሚው ከሥራ ተባረረ፤ የተባረረበትን ምክንያት በይፋ መናገር የቻለው በ2012 ነው። እኛ ዘንድ ማለፊያ ከሆነው ከአምስት በላይ ለሆነ ነጥብ እንጀራ ማጣት! ታዲያ አሥርና ዘጠኝ እንደ ሠርግ ከረሜላ ቢበተን ምን ይገርማል?

አንባቢውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ፦ ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ ሲወጣ ዓለም በአንድ ድምፅ አጨበጨበ። ጂም ስተርሊንግ የተባለው ሃያሲ ብቻ ሰባት ሰጠ። አማካዩ ከ98 ወደ 97 ወረደ፤ ጌሙን የሚወዱ ሰዎች ደግሞ የሃያሲውን ድረ ገጽ አጥቅተው ከሥራ ውጭ አደረጉት። ሰባት እንዲህ ካስቆጣ ጨካኝ ነጥብ የምንለው ከየት ይጀምራል?

አንዳንድ ጊዜ ጭካኔ ደግነት የሚሆንበት ቦታም አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ቢግ ሪግስ የተባለ የጭነት መኪና እሽቅድምድም ነበር። ተፎካካሪው መኪና ከመነሻው አይንቀሳቀስም። የእናንተ መኪና በሕንጻ ውስጥ እንደ ጢስ ያልፋል፤ ወደ ኋላ ሲነዳ ደግሞ ፍጥነቱ ገደብ የለውም። ስትጨርሱ ሰዋስው እንኳ ባልተስተካከለ እንግሊዝኛ “አሸናፊ ነህ” የሚል ጽሑፍ ከዋንጫ ጋር ብቅ ይላል። በሜታክሪቲክ አማካዩ ከመቶ ስምንት ነው። ለዚህ ጌም አምስት የሚሰጥ ሃያሲ ቢኖር ደግ አልለውም፤ ገንዘቡን ቆጥሮ የሚገዛውን ልጅ ዘርፏል እለዋለሁ።

ከሁሉ የሚያመኝ ታሪክ ግን የፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ ነው። ኦብሲዲያን የተባለው ስቱዲዮ ይህን ሰፊ ጌም በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 አወጣ። ታሪኩ ድንቅ ነበር፤ ሲወጣ ግን በእንከን ተሞልቶ ነበር፣ ይቆማል፣ ይዘጋል፣ ያስቀመጣችሁትን ያበላሻል። ሃያሲያን ስለ እንከኑ ነጥብ ቀነሱ። መቀነሳቸው ልክ ነው፤ እኔም ብሆን እቀንስ ነበር። በ2012 ከጌሙ መሪ ሠሪዎች አንዱ የነበረው ክሪስ አቬሎን ምሥጢሩን አወጣው፦ በውሉ መሠረት ስቱዲዮው ጉርሻ የሚያገኘው የሜታክሪቲክ አማካዩ 85 ከደረሰ ብቻ ነበር። የደረሰው 84 ነው። በዚያው ሰሞን ስቱዲዮው ሠራተኞች ቀንሶ ነበር።

አንዷን ነጥብ የወሰደው ማን ነው? ማንም። ዘጠኝ ሊሰጥ አስቦ ስምንት ተኩል የሰጠ ሃያሲ ሊሆን ይችላል፤ ማብዛትና ማካፈሉን የሠራው ኮምፒዩተርም ሊሆን ይችላል። በዚያ ስሌት የፊደል ውጤት የሚሰጥ መጽሔት ቢኖር “ቢ” የጻፈው 75 ሆኖ ይመነዘርበታል፣ ሃያሲው ያንን አስቦ ይሁን አይሁን የሚጠይቀው የለም። ሃያሲው የጻፈው “ይህን ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?” ለሚል ሰው ነው። ቁጥሩን የደመወዝ መክፈያ ያደረጉት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ “ጨካኝ ነጥብ የሰው እንጀራ ይዘጋል” ሲሉኝ እስማማለሁ፣ ግን ጣቴን የምቀስረው ውሉን በጻፈው እጅ ላይ ነው።

ከዚህ ላይ ስለ ራሴ ካልተናገርኩ አድላዊ እሆናለሁ። ለዚህ መጽሔት የሚላኩ ግጥሞችንና አጫጭር ልብ ወለዶችን ከሚያነቡት አንዱ ነኝ። አንድ ሰሞን ሥራ እንዲቀለን ብለን እያንዳንዱን ጽሑፍ ከአሥር ነጥብ መስጠት ጀምረን ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም ሰባት ሆነ። ማንንም ላለማስከፋት ሰባት፣ ስለ ጸሐፊው ወላጆች ይሉኝታ ሰባት፣ ስለደከመን ሰባት። በወጣቶች የሥነ ጽሑፍ ምሽትም ያው ነው፤ ግጥሙ ምንም ይሁን “ተባረክ፣ ተባረኪ” እንላለን፣ እናጨበጭባለን፣ ልጁ ወደ ቤቱ የሚሄደው ሁለተኛው አንጓ ቤት እንደማይመታ ማንም ሳይነግረው ነው። አንዲት እህት ግጥሟ ሳይታተም ቀርቶ “ስንት አገኘሁ?” ብላ ጠየቀችኝ። ሰባት አልኳት። “ሰባት ካገኘሁ ለምን ቀረ?” አለች። መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም ስትገናኘኝ በጨዋነት ሰላም ትለኛለች እንጂ ግጥም አትሰጠኝም።

ከዚያ ወዲህ አይ.ጂ.ኤን ለጎድ ሃንድ የሰጠው ሦስት በሌላ ዓይን ይታየኝ ጀመር። ሃያሲው ተሳስቷል፣ በዚህ አቋሜ ጸንቻለሁ። ካሜራውን የመዘነው ሌሎች ጌሞች ካሜራ በሚጠቀሙበት ሚዛን ነው። በዚህ ጌም ግን ከጀርባችሁ ያለውን አለማየት ራሱ ፈተናው ነው፤ የት መቆም እንዳለባችሁ፣ ማንን አስቀድማችሁ መጣል እንዳለባችሁ እንድታስቡ የሚያስገድዳችሁ እሱ ነው። ካሜራው ቢፈታ ጌሙ ይፈርሳል። ሆኖም ሰውየው ሰባት ብሎ አልሸሸም። ያልወደደውን አልወደድኩም አለ፣ ስሙን አስቀምጦ ጻፈ። እኔም ስለዚህ ልከራከረው ቻልኩ፤ ከሰባት ጋር ማን ይከራከራል?

ያ ሦስት ስቱዲዮውን ገደለው የሚሉ አሉ፤ ዘመኑ አይገጥምም። ክሎቨር እንደሚዘጋ የተነገረው ጌሙ አሜሪካ በገባበት በዚያው ወር፣ በኦክቶበር 2006 ነው። በዚያው ዓመት ይኸው ስቱዲዮ ያወጣው ኦካሚ በሜታክሪቲክ 93 አግኝቶ ነበር፤ 93ም አላዳነውም።

በተጠቃሚዎች ስለሚሰጠው ዜሮ ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ2020 ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል ሁለት በወጣ በሰዓታት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ዜሮ ወረደበት፤ ጌሙ ግን ከ20 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሜታክሪቲክ ከዚያ በኋላ ተጠቃሚዎች አዲስ ጌም ወጥቶ 36 ሰዓት ሳይሞላ እንዳይገመግሙ ከለከለ። ሳይጫወቱ የሚሰጥ ዜሮ ጨካኝ ነጥብ ሊባል አይችልም፣ ነጥብም አይደለም።

ይልቅ አንድ የቆየ ሰባት ላንሣ። ኤጅ የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1994 ዱም ለተባለው ዝነኛ የተኩስ ጌም ሰባት ሰጥቶ ነበር። ሃያሲው በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ከጭራቆቹ ጋር መነጋገር ቢቻል፣ ጓደኛ ማድረግ ቢቻል እያለ ይመኛል። ተጫዋቾች ለዓመታት ሳቁበት፤ ከዱም ጋር ወሬ! እ.ኤ.አ. በ2015 ግን አንደርቴል የተባለ ጌም ወጣ፤ እዚያ ከጭራቆች ጋር ትነጋገራላችሁ፣ አንዱንም ሳትገድሉ መጨረስ ትችላላችሁ፣ ብዙዎችም በፍቅር ወደቁለት። ዛሬ ስለዚያ ግምገማ ሲነሣ ሰዎች የሚያነሡት ያንን ምኞት ነው። ሰባቷን የሚያስታውስ ብዙ ሰው አላጋጠመኝም።

ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜ ጎድ ሃንድን ከአሮጌ ዕቃዎቼ መሃል አገኘው። “ጋሼ፣ ይሄ ከአሥር ስንት ነው?” አለኝ። አፌ ላይ ዘጠኝ ደርሶ ነበር። “ካሜራው ያናድድሃል” አልኩት፤ “መጀመሪያ የቀኙን መዘውር ተለማመድ፣ መለኪያዋ ሦስት ስትደርስ ጥራኝ።” እስካሁን አልጠራኝም፤ ሁለት ላይ ነው፣ በየማታው ከክፍሉ ሲያጉረመርም ይሰማኛል።