ገለልተኛ ነን ወይስ ግዴለሽ?

መቼም እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ያጠና ሰው «ዲስኢንተረስትድ» እና «አንኢንተረስትድ» የሚባሉት ሁለት ቃላት ሳያደናግሩት አይቀርም። ሁለቱም «ኢንተረስት» ከሚለው ግንድ የበቀሉ፣ ሁለቱም አፍራሾች ናቸው። ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

ግንዱ ራሱ ሁለት ፍቺ አለው። አንዱ ጥቅም ነው፤ የባንክ ወለድ እንኳ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ሌላው አንድን ነገር ለማወቅ ያለን ፍላጎት ነው። በጥንቁቅ አጻጻፍ የፊተኛው ቃል ጥቅምን ሲያፈርስ፣ የኋለኛው ፍላጎትን ያፈርሳል። ዳኛው ከክርክሩ የሚያገኘውም የሚያጣውም ነገር ከሌለ «ዲስኢንተረስትድ» ነው፤ ምስክር ሲሰማ የሚያንቀላፋ ከሆነ ግን «አንኢንተረስትድ»። ባለጉዳይ የፊተኛውን ይመኛል፤ ከኋለኛው ያውጣኝ ይላል።

ድንበሩ ከጥንት የጸና ነው ማለት አይደለም። በ17ኛው ምእተ ዓመት ገጣሚው ጆን ደን የፊተኛውን ቃል በኋለኛው ፍቺ ተጠቅሞበታል። ዛሬም ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ያቀላቅሏቸዋል። ለሂስ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነገር ነው።

ማቲው አርኖልድ እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው የሂስ መጽሐፉ ከሐያሲ የሚጠይቀው የፊተኛውን ጠባይ ነው፤ ከወገንና ከዕለት ጥቅም ርቆ ነገሩን እንደ ራሱ ማየት። ይህን «ፍላጎት የሌለው» ብለን ብንተረጉም አርኖልድን ገደልነው። «ጥቅም የሌለው» ብንል ደግሞ «የማይረባ» ይሆንና አረፈው! እኔ «ከግል ጥቅም የጸዳ» እላለሁ፤ ረዘም ቢልም አያሳስትም።

እርግጥ ፍጹም ጽዳት መኖሩ ያከራክራል። ቴሪ ኢግልተን እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው መጽሐፍ የአውሮፓ ዘመናዊ ሂስ ከቡርዥዋው መደብ ትግል ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን ያሳያል። እንግዲያው ሐያሲ ጥቅሙ የት እንዳለ ደብቆ ሳይሆን አውጥቶ ተናግሮ ይጀምር።

በየግጥም ንባቡ ላይ አንዱ ወዳጁ ስለሆነ ያጨበጭባል፤ ሌላው ቂም ስላለው ያብጠለጥላል። እነዚህ ጥቅም አስሯቸዋል፤ ቢሆንም ሰምተዋል። ሦስተኛው ግን «እኔ ገለልተኛ ነኝ» ብሎ ዝም ይላል። ጠጋ ብለው ሲጠይቁት ግጥሙን ጭራሽ አላዳመጠውም! ይኼ ገለልተኝነት ሳይሆን «ምን አገባኝ» ነው። ከጥቅም መጽዳት እኮ ፍላጎትን አይቀንስም፤ እንዲያውም የማንወደውን ሰው ግጥም ሦስቴ ደጋግመን እንድናነብ ያስገድደናል።