የፈረንሳይኛ የታሪክ ግሥና የሸዋ ዜና መዋዕል

ጸሓፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ በመጀመሪያ በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው በአማርኛ አልነበረም፤ በፈረንሳይኛ ነበር እንጂ። ተስፋ ሥላሴ የተባሉት ተርጓሚ ከአማርኛ መልሰውት፥ በአዲስ አበባ የፈረንሳይ ሚኒስትር የነበሩት ሞሪስ ደ ኮፔ ማስታወሻ ጨምረውበት፥ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በፓሪስ ታተመ። አማርኛው ለኅትመት የበቃው በ1959 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የአንኮበርና የልቼ ነገር ከሠላሳ ዓመት በላይ በኅትመት የተነበበው በፈረንሳይኛ ግሥ ነው ማለት ነው። ይህን ያነሣሁት ስለ ኅትመቱ መዘግየት ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ የፈረንሳይኛ ግሥ የእኛን ታሪክ ሲናገር ምን እንደሚጨምርና ምን እንደሚያጐድል ለመመርመር ነው።

ፈረንሳዊ ያለፈውን ነገር የሚተርክበት ግሥ ሁለት ነው። አንደኛው ከባልንጀራው ጋር ሲጫወት፥ ደብዳቤም ሲጽፍ የሚናገርበት ፓሴ ኮምፖዜ ነው፤ በረዳት ግሥ የሚደገፍ ስለ ሆነ «ሄዷል» ወደሚለው አነጋገራችን ይጠጋል። ሁለተኛው ፓሴ ሳምፕል የሚባለው፥ ከአፍ ከወጣ ብዙ ዘመን የሆነውና በታሪክና በልብ ወለድ መጽሐፍ የቀረው ነው። ቤንቬኒስት የተባለው የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው ጽሑፍ፥ በዚህ ግሥ በተነገረ ታሪክ ተናጋሪው ተሰውሮ ድርጊቱ ራሱን በራሱ የሚተርክ ይመስላል ሲል አስረድቷል። ካሙ እ.ኤ.አ. በ1942 «ሌትራንዤ» የተባለውን ልብ ወለድ ከሞላ ጐደል በአፍ ግሥ ስለ ጻፈው፥ ነገሩ ለፈረንሳይ አንባቢ እንግዳ ሆኖበት ነበር።

የርባታው ጣጣ ለተማሪ ቀላል አይደለም። ፓርሌ የሚለው ግሥ «ፓርላ» ሲል ደኅና ነው፤ ነገር ግን መወለድ የሚለው ኔትር «ናኪ»፥ መሆን የሚለው ኤትር «ፉ»፥ መምጣት የሚለው ቨኒር «ቫን» ይሆናል። (ወይን ጠጅም በአነባበብ ቫን ነው።) ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ግን «ቪ» ነው። ይህ ቃል በአንድ ፊደል ሲጻፍ «አየ» ማለትም «ይኖራል» ማለትም ነው። እኔ ራሴ በተማሪነቴ ንጉሡ አንኮበርን አዩ የሚለውን፥ ንጉሡ በአንኮበር ይኖራሉ ብዬ ተርጕሜ ተስቆብኛል። በመካከል አንዲት ትንሽ መስተዋድድ መኖር አለመኖሯን ሳላይ ነው። የርባታ ሠንጠረዥ በቃል ማጥናት ከዚህ አያድንም።

በአማርኛ የመጽሐፍና የአፍ ተብሎ የተለየ ኀላፊ ግሥ የለም። «መጣ» የሚለውን ገበያተኛውም የቤተ መንግሥት ጸሓፊውም እኩል ይናገሩበታል። የታሪክ ጸሓፊያችን ጥበብ ያለው በቦዝ አንቀጹ ነው። እኔ ለምሳሌ የሠራሁትን ይህን ዓረፍተ ነገር እንመልከት፤ «ንጉሡ ከአንኮበር ተነሥተው፥ ደጋውን አቋርጠው፥ ደብረ ብርሃን ሁለት ቀን ሰንብተው፥ ልቼ ገቡ።» ሦስቱ አንቀጾች ራሳቸውን ችለው አይቆሙም፤ ሁሉም ማሠሪያውን «ገቡ»ን ይጠብቃሉ። አንባቢውም እስትንፋሱን ይዞ አብሮ ይጠብቃል። ፈረንሳይኛው ግን ፓርቲ፥ ትራቬርሳ፥ ዶመራ፥ አንትራ ብሎ አራቱን በአንድ ማዕርግ ያሰልፋቸዋል። ማን ጌታ ማን ሎሌ እንደ ሆነ አይታወቅም። በእርግጥ «ከተነሣ በኋላ» የሚል ዐይነት አገባብ በፈረንሳይኛም አለ፤ ነገር ግን እርሱን ሦስት ጊዜ ቢደጋግሙት ዓረፍተ ነገሩ እንደ ተጫነ በቅሎ ያዘግማል። ስለዚህ ተርጓሚው ሰንሰለቱን ቢበጥስ አልፈርድበትም።

ሁለተኛው ጕድለት የአክብሮት ነው። ከአንኮበር የተነሣው ባለ በቅሎ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ «ተነሥቶ፥ አቋርጦ፥ ሰንብቶ ገባ» እንል ነበር። በአማርኛ አራቱም ግሦች ለንጉሥ ይሰግዳሉ። በፈረንሳይኛ ግን ንጉሡም ነጋዴውም «አንትራ» ናቸው፤ ክብሩ ከስሙ ጋር በሚነገር ማዕርግ ካልተመለሰ በቀር በግሡ ውስጥ አይገኝም።

ይህ ነገር በይበልጥ የሚያሳስበው ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ ስንመልስ ነው። ሮሼ ዴሪኩር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሁለት ጊዜ ወደ ሸዋ መጥቷል፤ በ1835 ዓ.ም. በንጉሡና በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ ፊሊፕ መካከል የተደረገውን ውል የተዋዋለም እርሱ ነው። የጉዞውን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1841ና በ1846 አሳትሟል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚተረጕም ተማሪ ርባታውን ጠንቅቆ ካወቀ በኋላ «ተነሣን። ወጣን። ደረስን። ሰፈርን።» ብሎ እንደ በረዶ ያወርደዋል። አንዱም ስሕተት አይደለም፤ ሲነበብ ግን አማርኛ አይመስልም። ተርጓሚው ከአራቱ የትኛው ማሠሪያ ለመሆን እንደሚገባው ራሱ መፍረድ አለበት፤ ፈረንሳይኛው አይነግረውምና።

ነገር ግን ሁሉን በቦዝ አንቀጽ መቀጠልም የራሱ ጥፋት አለው። ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኃይለ መለኮት ነገሡ። ይህን «ሣህለ ሥላሴ ዐርፈው ኃይለ መለኮት ነገሡ» ብንለው የአባትዮው ሞት የልጅዮው ዙፋን መረገጫ ሆኖ ያልፋል። ፈረንሳይኛው ሞቱንና ንግሡን እኩል ስለሚያቆማቸው በዚህ ስፍራ ከእኛ ልማድ ይሻላል። እኔ ብሆን «ዐረፉ» ካልሁ በኋላ አራት ነጥብ አኖርበታለሁ፤ ንግሡንም በሌላ ዓረፍተ ነገር እጀምራለሁ።