ፍርፋሪ የማይጥል ሰዓት

የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ውስጥ ጊዜ የሚቆጥረውን ኮድ መጀመሪያ የከፈትኩት ሌላ ነገር ፍለጋ ነበር። እዚያው ቀረሁ።

ኮምፒውተር ሰዓት አያውቅም፤ የሚያውቀው ምት ነው። ውስጡ ያለው ክሪስታል በተርገበገበ ቁጥር ቆጣሪው አንድ ይጨምራል። ያንን ቁጥር ወደ ናኖሴኮንድ መመንዘር የከርነሉ ድርሻ ነው። ብዙ ፒሲዎች ላይ የሚገኘውን ኤሲፒአይ ፒኤም ታይመር የተባለ ቆጣሪ እንውሰድ። በሴኮንድ 3,579,545 ጊዜ ይመታል፤ ቁጥሩ ከአሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን የተወረሰ ነው። አንዷ ምት 279.365 ናኖሴኮንድ ገደማ ትፈጃለች ማለት ነው። ከነጥብ በኋላ ያለውን ትተን 279 ብለን ብንቆጥር ሰዓቱ በቀን ወደ 113 ሴኮንድ፣ በሳምንት ከ13 ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ይቀራል።

ከርነል ውስጥ በነጥብ ቁጥር መሥራት አይፈለግም፤ ማካፈልም ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ምቱን በ279 ሳይሆን ለምሳሌ በ1,171,742,219 ያባዙትና ውጤቱን 22 ቢት ወደ ቀኝ ይገፉታል፤ ለ4,194,304 እንደማካፈል ነው። ቢት መግፋት ደግሞ ለፕሮሰሰር ከሥራ አይቆጠርም።

እኔን ያስቆመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ከአንድ ናኖሴኮንድ ያነሰችው ትራፊ አትጣልም። ከርነሉ ጊዜውን የሚያጠራቅመው ከመገፋቱ በፊት ባለው ትልቅ ቁጥር ስለሆነ ትራፊዋ ወደሚቀጥለው ቆጠራ ትሻገራለች። እህል ሲሰፍር ከቁናው አፍ የተረፈውን ጠርጎ ለቀጣዩ ቁና እንደሚያቆይ ሰው ነው።

ሰዓቱ በኔትወርክ ከሚመጣው ትክክለኛ ሰዓት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ዘግይቶ ቢገኝስ? ቆጣሪውን ዘለል አያደርጉትም። ማባዣው ላይ አንድ ይጨምሩና 1,171,742,220 ያደርጉታል። ሰዓቱ ከቢሊዮን አንድ እጅ በማይሞላ ይፈጥናል፤ ጉድለቱ ሲሞላ የተጨመረችው አንድ ተመልሳ ትነሳለች። ችግሩ፣ ማባዣው በተቀየረባት ቅጽበት ገና ያልተመነዘሩ ምቶች መኖራቸው ነው። በአዲሱ ማባዣ ከተመነዘሩ ሰዓቱ ሳይታሰብ ይዘላል። መፍትሔው አንድ ቅነሳ ብቻ ነው። ከቅነሳዋ በላይ የተጻፈው ማብራሪያ ግን ከኮዱ በብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ ጸሐፊው አልጀብራውን ከመጀመሪያው ተነስቶ፣ እኩሌታ በእኩሌታ፣ እስከዚያች ቅነሳ ድረስ አውርዶታል። ከዓመታት በኋላ መስመሯን ሊነካ የሚመጣውን የማያውቀውን ሰው አስቦ መሆኑ ያስታውቃል። እንዲህ ያለ አክብሮት ኮድ ውስጥ ሳይ ልቤ ይነካል።

ያው ፒኤም ታይመር ሌላም ጉድ አለው። አንዳንድ አሮጌ ቺፖች በሚነበቡበት ቅጽበት ቁጥሩ እየተለወጠ ስለሚሆን የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ለእነሱ ኮዱ ሦስት ጊዜ ያነባል፤ ሦስቱ በቅደም ተከተል ካልገጠሙ እንደገና ይጀምራል። የምስክር ቃል እንደሚያጣራ ሽማግሌ፣ አንዱን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም።

ይህ ሁሉ አንድ ቦታ መሰብሰብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው የከርነሉ ስሪት 2.6.18 ነው፤ ዋናው ሥራ የፕሮግራመሩ የጆን ስተልትዝ ነበር። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት የየራሱን ስሌት ይዞ ይዞር ነበር። ስተልትዝ ከሌላው የከርነል ፕሮግራመር ከቶማስ ግላይክስነር ጋር ሆነው ኮዱን ለዓመታት ጠብቀውታል።

ጥበቃው ቀላል እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2012 ታይቷል። በዓለም ሰዓት ላይ አንዲት ሴኮንድ ተጨመረች። ከርነሉ ሴኮንዷን በትክክል አስገባት፤ ፕሮግራሞችን በቀጠሯቸው ለሚቀሰቅሰው ክፍል ግን ሳይነግር ቀረ። ያ ክፍል አንድ ሴኮንድ እየቀደመ መቀስቀስ ያዘ። ግማሽ ሴኮንድ ልተኛ ያለ ፕሮግራም ዓይኑን ሳይከድን ይነሳል፣ መልሶ ይተኛል፣ መልሶ ይነሳል፤ በየአገሩ ሰርቨሮች ያለሥራ ጋሉ። ማስታገሻው የማሽኑን ቀን ባለበት ቀን ላይ በእጅ መልሶ መሙላት ነበር፤ ያን ጊዜ የተረሳው መልእክት ይተላለፋል። ዘላቂው ጥገናም ያችኑ መልእክት ከርነሉ ራሱ እንዲልክ ማድረግ ነበር።

ከርነሉ ሴኮንድ የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። በ32 ቢት የተያዘ ቆጠራ 2,147,483,647 ላይ ይሞላል። ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ቀኑ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ሆኖ አገኘሁት፤ ጥምቀት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ። ለ32 ቢት ማሽኖች የከርነሉ መሰናዶ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ስሪት 5.6 ተሟልቷል። የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ጃንሜዳ ያደረው ሕዝብ ጠበል ሊረጭ ሲጠባበቅ፣ የታደሰው ቆጣሪ ወደ 2,147,483,648 ያልፋል።