አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ
የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11ን የማይሸከም አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ ወላይታ ሶዶ ለተቀመጠ ሰው ዊንዶውስን የሚተካውን ሊኑክስ ሚንትን፣ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ እትም፣ እመክርለታለሁ። 4 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። 3 ጊጋባይት የሚጠጋውን የመጫኛ ፋይል አንድ ሰው ካወረደው ሰፈሩ ሁሉ በፍላሽ ቢቀባበለው ሕጋዊ ነው (ክራክ ለለመድን ሰዎች ይኼ መጀመሪያ ግራ ያጋባል)። ሳይጫንም ከፍላሹ አስነስቶ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራቱን ማየት ይቻላል።

ከሁሉ የምወደው ግን ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ሲሰካበት ነው። ዊንዶውስ ላይ ፎልደሮቹ ጠፍተው ሾርትከት ብቻ የሚቀርበት ያ የታወቀ ቫይረስ እዚህ አቅም የለውም። የተደበቁት ፎልደሮች ወለል ብለው ይታያሉ፤ ቫይረሱም ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ ዝም ብሎ ተቀምጧል፣ መርጦ ማጥፋት ነው።

ወላይትኛ በላቲን ስለሚጻፍ የተለየ ነገር አይጠይቅም፤ ለአማርኛ የግዕዝ ኪቦርድ መጨመር ያስፈልጋል። አንዳንድ ፕሪንተር ግን ያስቸግራል። በሊብሬኦፊስ የጽሑፍ ፕሮግራም የተሠራ ደብዳቤም ዎርድ ላይ ሲከፈት መስመሩ ሊዛነፍ ይችላል፤ ስለዚህ ለኅትመት የሚሄደውን ሁሉ ፒዲኤፍ አድርጌ ነው የምወስደው።