የብቸኛ ቁጥር ትምህርት አቀራረብ ከባሕረ ሐሳብ ግድፈት አንጻር ሲመረመር

በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ታላቅ ብቸኛ ቁጥር፥ 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ የሚገኝ ሲሆን 41,024,320 አሃዞች አሉት። ስለዚህ ዓይነቱ ቁጥር ለተማሪ የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከርዝመቱ አያልፍም። ርዝመት ደግሞ የብቸኛ ቁጥር ጠባይ አይደለም፤ በዚሁ ቁጥር ላይ 1 ቢጨመር የአሃዞቹ ብዛት ሳይለወጥ በ2 እየተካፈለ እስከ 1 የሚወርድ ቁጥር ይሆናል። መምህሩ ሊያስረዳ የሚገባው ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ ማጣቱ ምን እንደሚያስከትል ነው።

ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ለሚያስተምር ሰው ሩቅ አይደለም። ደቡብ ጎንደር በቤተ ልሔምና በዙር አምባ ጉባኤ ቤቶች ስመ ጥር የሆነ አገር ነው። የቤተ ክህነቱ የዘመን ስሌት፥ ባሕረ ሐሳብ፥ መሠረቱ ግድፈት፥ ማለትም በአንድ ቁጥር አካፍሎ ቀሪውን መያዝ ነው። በ2017 ላይ 5500 ሲደመር 7517 ይሆናል፤ በ19 ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፥ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይወጣል። ሁለቱ ተደምረው 30 የሆኑት አባዦቹ 11ና 19 ራሳቸው ድምራቸው 30 ስለሆነ ነው፤ ይህን ተማሪው ያለ መምህር እርዳታ ሊደርስበት ይችላል።

ፍሬ ነገሩ ያለው ግን በሁለቱ ግድፈቶች ልዩነት ላይ ነው። በ30 ግድፈት 5 በ6 ሲባዛ ምንም አይቀርም። በ19 ግድፈት ከ1 እስከ 18 ካሉት ቁጥሮች ማናቸውም ሁለቱ ቢባዙ ምንጊዜም ቀሪ ይኖራል፤ 19 ብቸኛ ቁጥር ነውና። ባለ 41 ሚሊዮን አሃዙም የሚመራው በዚሁ ሕግ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ የጥንት ሊቃውንት 19ን የመረጡት ብቸኛ ቁጥር በመሆኑ ነው ማለት የቅርስ ፍቅር እንጂ ማስረጃ አይሆንም። የተመረጠው 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ ነው። ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት የሆነውም 4፥ 7ና 19 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ነው፤ 4 ደግሞ ብቸኛ ቁጥር አይደለም።

ታላቁ ቁጥር የተረጋገጠበት፥ ሉካስ በ1878 እ.ኤ.አ. የጀመረውና ሌመር በ1930 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው ፈተናም ቢሆን ግድፈት ነው። ሰባት ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ 127 ይሆናል። ከ4 ተነሥቶ ቁጥሩን በራሱ እያባዙ፥ 2 እየቀነሱ፥ በ127 ሲገድፉት 14፥ 67፥ 42፥ 111፥ በአምስተኛውም 0 ይገኛል፤ ርምጃው ከ7 በ2 ያነሰ፥ ማለትም 5 ስለሆነ፥ 127 ብቸኛ ቁጥር መሆኑ ተረጋገጠ። ለዚህ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል፤ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ቀሪ ያለውን ማካፈል የታችኛው ክፍል ጉዳይ አድርገው እንዳይተዉት በቂ ምክንያት ነው። ፈተናው ለምን እንዳስፈለገ ለማሳየት በ11 ቢሞከር ይሻላል፤ 11 ብቸኛ ቁጥር ሆኖ ሳለ፥ ዐሥራ አንድ ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው 2047 የ23ና የ89 ብዜት ነው።